በነፃ የሚታደል መድኃኒት ስለምን ይቋረጣል?
የአሠሪውና የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴ የሆነ ሁሉ የዕቃ መቋረጥ የሚያስከትለውን ጉዳት ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። ከጅቡቲ የሚመጣው ሸቀጥ አንድ ሳምንት ቢዘገይ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል፤ ደንበኛውም ወደ ጎረቤት መደብር ይሄዳል፤ አንድ ጊዜ የሄደ ደንበኛ ደግሞ በቀላሉ አይመለስም። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርበው ጉዳይ የሸቀጥ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ ሆኖም ፍሬ ነገሩ ከዚሁ የራቀ አይደለም። ይኸውም የኤች.አይ.ቪ ቫይረስ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ወገኖቻችን የሚወስዱት መድኃኒት በየቀኑ ሳይቋረጥ መወሰድ የሚገባው ሲሆን፥ በነፃ እየታደለ ሳለ የሚያቋርጡት ሰዎች መኖራቸው ነው።

ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ሆኖ ሳለ በንግድ ጋዜጣ ላይ መውጣቱ የሚያስገርመው አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ ያለባቸው ሰዎች ቍጥር ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ነው። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች ቤት ለቤት በተደረገው ታላቅ ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ከመቶ ሦስቱ ቫይረሱ እንዳለባቸው ታውቋል። ይህ ዕድሜ የሥራ ዕድሜ ነው፤ ከተማውም የንግድ ስፍራ ነው። ስለዚህ ሠላሳ ወይም አርባ ሠራተኞች ያሉት ድርጅት ከእነርሱ መካከል ይህን መድኃኒት የሚወስድ አንድ ሰው ቢኖርበት የሚያስደንቅ አይሆንም። ሰውየውም ሒሳብ ያዡ፥ ሹፌሩ፥ የመጋዘን ጠባቂው ወይም ባለቤቱ ራሱ ሊሆን ይችላል።

ያው ጥናት ሌላም ነገር አስረድቷል። ቫይረሱ ካለባቸው ሰዎች መካከል ይህንኑ የሚያውቁት ከመቶ 79 ያህል ነበሩ። ከሚያውቁት ውስጥ ከመቶ 97ቱ መድኃኒት ጀምረዋል። መድኃኒት ከጀመሩት መካከል ግን ቫይረሱ በሚገባ የተገታላቸው ከመቶ 88 ያህሉ ናቸው። መድኃኒቱ በእጃቸው እያለ ጥቅሙን በሙሉ ያላገኙት የቀሩት አሥራ ሁለቱ የዛሬው ጽሑፋችን ጉዳይ ናቸው።

የመድኃኒቱ ዋጋ እንዴት እንደ ወረደ

የዚህ መድኃኒት የዋጋ ታሪክ ለነጋዴ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ለአንድ ሰው የአንድ ዓመት መድኃኒት ከ10 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2001 ሲፕላ የተባለው የቦምባይ መድኃኒት ፋብሪካ ይህንኑ ሕክምና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለተባለው ማኅበር በዓመት በ350 ዶላር ለማቅረብ ቃል ገባ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር የዓለም የንግድ ድርጅት አባል አገሮች ሚኒስትሮች በዶሃ ተሰብስበው፥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገሮች የሕዝባቸውን ጤና እንዳይጠብቁ ሊያግዳቸው እንደማይገባ አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ በውድድርና በብዛት ግዥ ምክንያት ዋጋው ያለ ማቋረጥ ወረደ። እ.ኤ.አ. በ2023 ዓለም አቀፉ ፈንድ ሦስት መድኃኒቶች በአንድ ላይ የተቀመሙበትን እንክብል ለአንድ ሰው በዓመት ከ45 ዶላር ባነሰ ዋጋ እንደሚገዛ አስታውቋል።

በአገራችን ሕክምናው በክፍያ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነበር። በዚያን ጊዜ የቤተ ሰብ ገንዘብ ሲያልቅ መድኃኒቱም አብሮ ያልቅ ነበር። ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ግን በነፃ መታደል ጀመረ፤ ዛሬም በመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች በነፃ ይታደላል።

እንግዲህ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የዕቃ ዋጋ ማለት የግዥው ዋጋ ብቻ እንዳልሆነ አስመጪ ሁሉ ያውቃል፤ የማጓጓዣው፥ የመጋዘኑ፥ የጠፋው ጊዜ ሁሉ ተደምሮ ነው ዕቃው ምን እንደፈጀ የሚታወቀው። ይህም በነፃ የሚታደለው መድኃኒት እንዲሁ ነው። ታካሚው የሚከፍለው ሣንቲም ባይኖርም፥ ከቤቱ ወጥቶ መድኃኒቱን እስኪይዝ ድረስ የሚከፍለው ዋጋ አለ። ሰዎች የሚያቋርጡትም አብዛኛውን ጊዜ ይህ ዋጋ ሲከብዳቸው ነው።

በየቀኑ መወሰዱ ስለምን ያስፈልጋል?

ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ በየዕለቱ እጅግ ብዙ ጊዜ ራሱን ይገለብጣል፤ ሲገለብጥም እንደ ቸኮለ ጸሐፊ ስሕተት ያበዛል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ በሚበቃ መጠን ሲገኝ ግልበጣው ይገታል፤ ስሕተቱም አብሮ ይገታል። አንድ ሰሞን እየተወሰደ ሌላ ሰሞን እየተተወ መጠኑ ሲዋዥቅ ግን ቫይረሱ መድኃኒቱ ባለበት መባዛት ይጀምራል። በዚህ መካከል ከሚወጡት የተሳሳቱ ቅጂዎች አንዳንዱ መድኃኒቱ የማይበግረው ሆኖ ይገኛል። ይህ መድኃኒት የተላመደ ቫይረስ ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ ከነልምዱ ይተላለፋል። ያን ጊዜ ሌላ ዓይነት መድኃኒት መፈለግ ግድ ይሆናል፤ እርሱም ዋጋው የበዛ፥ አወሳሰዱም የከበደ ነው።

ከዚህም ሌላ መድኃኒቱ ቫይረሱን ይገታዋል እንጂ ከሥሩ ነቅሎ አያጠፋውም። አንዳንዱ ቫይረስ በሰውነት ሕዋሶች ውስጥ ተደብቆ እንደ ተኛ ይኖራል፤ መድኃኒቱ ሲቆም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ስለዚህ «ድኛለሁ» ብሎ መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ይህን በሽታ ጨርሶ አድናለሁ እያለ ሥራ ሥርና ዱቄት የሚሸጥ ሰውም ገዢውን ያታልላል። እንዲህ ያለ ዕቃ በሱቁ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ ባለ ሱቅ ከመታለሉ ሥራ ተካፋይ እንደሚሆን ይወቀው።

የጤና ባለሙያዎች የመድኃኒት ቍርኝት የሚሉት፥ ማለትም መድኃኒቱን በታዘዘው መሠረት ሳያቋርጡ መውሰድ፥ መለኪያ አለው። በቀን አንድ እንክብል ለሚወስድ ሰው፥ በወር ከ30ው እንክብል ያመለጠው ከሁለት የማይበልጥ ከሆነ ቍርኝቱ መልካም ይባላል። ከሦስት እስከ አምስት ካመለጠው መካከለኛ ነው፤ ስድስትና ከዚያ በላይ ካመለጠው ደካማ ነው። ዛሬ በብዛት የሚታደለው ዶሉቴግራቪር የሚገኝበት እንክብል ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ የአንድ ቀን መርሳትን ይችላል። ይሁን እንጂ ሳምንታት የሚቈይ መቋረጥን የሚችል መድኃኒት የለም።

ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው የሚያገኘው ጥቅም ደግሞ ለራሱ ብቻ አይደለም። በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ከወረደ፥ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው የታተመው በአውሮፓ የተደረጉ ሁለት ታላላቅ ጥናቶች፥ እንዲህ ካለ ታካሚ ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኙም። አብሮ በመሥራት፥ በአንድ ገበታ በመብላት ወይም በአንድ ስኒ በመጠጣት የማይተላለፍ መሆኑማ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኗል።

የማቋረጥ ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት ቀኑና መጓጓዣው ነው። ቀጠሮው ብዙውን ጊዜ በሥራ ቀንና በሥራ ሰዓት ይውላል። የቀን ሠራተኛ በዚያ ቀን ደመወዙን ያጣል፤ በሱቅ ውስጥ የተቀጠረውም ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ፈቃድ የጠየቀ ሰው ደግሞ «ምን አመመህ?» መባሉ አይቀርም። ያንን ጥያቄ ፈርቶ ቀጠሮውን የሚያሳልፍ ሰው አለ።

ሁለተኛውና የሚከብደው ምስጢሩ ነው። ብዙዎች በሰፈራቸው ካለው ጤና ጣቢያ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ሲሉ ወደ ሩቅ ይሄዳሉ። በአዲስ አበባ የሚሠራው ወደ ሌላ ከተማ፥ በሌላ ከተማ የሚኖረውም ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝበት ጊዜ አለ። በቤት ውስጥና በሥራ ቦታም እንዲሁ ነው። እንክብሉ በጠርሙሱ ውስጥ ሲንኳኳ እንዳይሰማ በወረቀት የሚጠቀልል፥ በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ የሚልጥ፥ ሰው ከአጠገቡ ካልራቀ የማይውጥ ብዙ ነው። በአንድ ክፍል ከአምስትና ከስድስት ጓደኞቹ ጋር የሚያድር የሱቅ ረዳት ብቻውን የሚሆንበትን ደቂቃ ሲጠብቅ ሰዓቱ ያልፍበታል። ምስጢሩን ለአንድ የሚያምነው ሰው የገለጸ ታካሚ ግን የሚያስታውሰውና የሚያበረታታው ስለሚኖር ይጠቀማል።

ሦስተኛው ተንቀሳቃሽ ሥራ ነው። የአገራችን የወጪና ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ መንገድ ይመላለሳል። ሹፌሩና ረዳቱ በአዋሽ፥ በሚሌ፥ በገላፊ እያደሩ ይሄዳሉ፤ ወደቡ ሲጨናነቅም ወረፋ እየጠበቁ ይሰነብታሉ። ለአሥር ቀን የሚበቃ መድኃኒት ይዞ የወጣ ሹፌር ጉዞው አሥራ አምስት ቀን ቢፈጅ፥ አምስቱን ቀን ያለ መድኃኒት ማሳለፉ ነው። የአፋር ቆላ ሙቀትም አለ። ይህ እንክብል ከ30 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት እንዲቀመጥ ስለሚመከር፥ በጋቢናው ውስጥ ከፊት መስታወቱ ሥር ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። በሁመራና በመተማ በሰሊጥ አረምና አጨዳ ጊዜ ከየአውራጃው የሚሰበሰቡት የቀን ሠራተኞችም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው። መድኃኒቱን የሚወስዱበት ጤና ጣቢያ በትውልድ ስፍራቸው ይቀራል፤ እርሻው ግን ከከተማ ርቆ በበረሃ ይገኛል። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ ዋና የውጭ ንግድ ዕቃችን ከሆኑት አንዱ ስለሆነ፥ የእነዚህ ሰዎች ጤና ላኪውን በቀጥታ ይመለከተዋል።

አራተኛው ደህና ነኝ ማለት ነው። ቀደም ሲል መድኃኒቱ የሚጀመረው ሰውየው ከደከመ በኋላ ነበር፤ እርሱም ከአልጋ የተነሣበትን መድኃኒት በቀላሉ አይተውም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይታመም እንዲጀምር ስለመከረ፥ በአገራችንም ይኸው ይሠራበታል። ይህ ለጤና እጅግ የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን ሕመም የማይሰማው ሰው እንክብሉን መርሳት ይቀለዋል። የቀድሞው ዝናም ገና አልጠፋም። ስታቩዲን የተባለው የድሮ መድኃኒት የታካሚውን ፊትና እግር ያከሳ ስለ ነበር፥ መድኃኒቱ የሰውን መልክ ይለውጣል የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። ያ መድኃኒት ከጥቅም ውጭ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

አምስተኛው ከእምነት ጋር የተያያዘ ነው። ወደ እንጦጦና ወደ ሌሎችም የጸበል ስፍራዎች ሲሄዱ መድኃኒቱን የሚተዉ ሰዎች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ማስታወቃቸው ብዙ ሰው አድኗል። ጾምም ቢሆን እንቅፋት ሊሆን አይገባውም። ዶሉቴግራቪር ያለበት እንክብል በምግብም ያለ ምግብም ሊወሰድ ስለሚችል፥ ጾመኛው ማታ የሚወስድበትን ሰዓት ከጤና ባለሙያው ጋር ይወስናል።

ስድስተኛው ድህነትና ሐዘን ነው። የሚበላው ያጣ ሰው በባዶ ሆድ መድኃኒት መዋጥ ያስፈራዋል። ተስፋ የቈረጠ ሰው ለነገ የሚጠቅመውን ለመውሰድ አይተጋም። መጠጥ የሚያበዛ ሰዓቱን ይዘነጋል፤ ጫት ሲቅም የሚያድረውም እንዲሁ።

ታካሚው ባላጠፋው ምክንያት የሚመጣም መቋረጥ አለ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በተደረገው ጦርነት ብዙ ጤና ጣቢያዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆነው፥ ብዙ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን አጥተዋል። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን በድንገት ሲያቆም፥ በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ በሺህ የሚቈጠሩ የጤና ሠራተኞች ከሥራ ወጥተዋል። የቀረ ታካሚን በስልክ የሚፈልግ ሰው ሲጐድል፥ የአሠሪውና የጓደኛው ድርሻ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳል።

ሸክሙን ለማቅለል የተደረገው

ይህን ሁሉ ያየው የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ጠቃሚ ዘዴ ዘርግቷል። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ቍርኝቱ የጸና፥ ቫይረሱም የተገታለት ታካሚ የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ይሰጠዋል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ የሚመላለሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ቀድሞ በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ይጠራ የነበረውን ስናስብ፥ የመጓጓዣው፥ የደመወዙና የምስጢሩ ዋጋ ምን ያህል እንደ ቀለለ ግልጽ ነው። እንክብሉም ቴኖፎቪር፥ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድነት የተቀመሙበት በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጥ ሆኗል።

የነጋዴው ድርሻ

ከዚህ በኋላ የቀረው ሥራ በአብዛኛው በአሠሪው እጅ ነው። ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም።

መጀመሪያ፥ ሕጉን ማወቅ ይገባል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው በኤች.አይ.ቪ ምክንያት በሠራተኞቹ መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ሠራተኛው በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው። ከሙከራ ጊዜ በኋላ ሲታመምም የሐኪም ማስረጃ አቅርቦ የሕመም ፈቃድ ያገኛል፤ ይህም የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፥ ተከታዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ ደመወዝ፥ የቀሩት ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ ነው። በዓመት ሁለት ቀን ለቀጠሮ መፍቀድ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው። ያቋረጠ ሠራተኛ ታሞ ሲተኛ የሚጠፋው ቀን ግን በወር የሚቈጠር ነው።

ሁለተኛ፥ የሕክምና ቀጠሮ አለኝ ያለውን ሠራተኛ የሕመሙን ዓይነት አለመጠየቅ ነው። የስኳርም፥ የደም ግፊትም፥ የዓይንም ቀጠሮ እኩል «የሕክምና ቀጠሮ» ተብሎ ቢመዘገብ ማንም በማንም ላይ ጣቱን አይቀስርም። የሰማውን ምስጢር ለሌላ ያወራ አለቃ ያንን ሠራተኛ ከመድኃኒቱ እንዳባረረው ይቈጠራል።

ሦስተኛ፥ የጭነት መኪና ያላቸው ድርጅቶች ለሹፌሮቻቸው የጉዞውን ቀን አስቀድመው ቢነግሯቸው፥ ጉዞውንም ከቀጠሮው ቀን ጋር እንዳይጋጭ ቢያደርጉላቸው ታላቅ እርዳታ ነው። ሹፌሩም ከታሰበው ቀን በላይ የሚበቃ መድኃኒት ይያዝ። የሰሊጥ እርሻ ያላቸውም፥ ሠራተኛ ሲቀጥሩ «በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ የሕክምና ማስተላለፊያ ወረቀታችሁንና እስከ ወቅቱ ፍጻሜ የሚበቃችሁን ይዛችሁ ኑ» ብለው ለሁሉ በአንድነት ቢያስታውቁ፥ የማንም ምስጢር ሳይነካ ብዙ ሰው ይጠቀማል። ንጹሕ ውሃና የዕቃ ማስቀመጫ ቍልፍ ያለው ሣጥን ማዘጋጀትም የዚሁ ክፍል ነው።

አራተኛ፥ መድኃኒት ቤት ያላቸው ነጋዴዎች የሚያውቁትን ለገዢው ይንገሩ። የቃርና የጨጓራ ማስታገሻ እንክብሎች፥ ብረትና ካልሲየምም፥ ከዶሉቴግራቪር ጋር በአንድ ጊዜ ሲወሰዱ ኀይሉን ይቀንሱበታል። ስለዚህ ዶሉቴግራቪሩ ማስታገሻው ከመወሰዱ ሁለት ሰዓት በፊት ወይም ከተወሰደ ስድስት ሰዓት በኋላ ሊወሰድ ይገባል። ለሳንባ ነቀርሳ ሪፋምፒሲን የሚወስድ ሰውም የዶሉቴግራቪሩ መጠን መጨመር ስላለበት፥ ሁለቱንም ሐኪሞች ሳያሳውቅ አይቅር። መድኃኒት ሻጩ ይህን ሲናገር ገዢው ምን እንደሚወስድ መጠየቅ የለበትም፤ «ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሰዓቱን አራርቀው፥ ሐኪምህንም ጠይቅ» ማለት ይበቃል።

አምስተኛ፥ ነጋዴው ራሱ ታካሚ ከሆነ ለራሱም ይጠንቀቅ። ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንዡ ዕቃ ለመግዛት የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን በሚጫነው ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳው ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይያዝ፤ ለዘገየ በረራ የሚሆን ትርፍም ይጨምርበት። የጓንዡ ሰዓት ከእኛ አምስት ሰዓት ስለሚቀድም፥ የሚወስድበትን ጊዜ ከመነሣቱ በፊት ከጤና ባለሙያው ጋር ያስተካክል። በቤቱ የሚውል ሰውም መድኃኒቱን ከማይቀር ልማድ ጋር ቢያያይዘው ይረዳዋል፤ ለምሳሌ ከጧቱ ቡና ወይም ከማታው የ2 ሰዓት ዜና ጋር። የኪስ ስልኩም ሰዓቱን ያስታውሰዋል።

በአጠቃላይ እንደምናየው፥ ይህ መድኃኒት ከ10 ሺህ ዶላር ወርዶ በነፃ እስኪታደል ድረስ ሳይንቲስቱም፥ ፋብሪካውም፥ መንግሥታትም የበኩላቸውን አድርገዋል። ከጤና ጣቢያው መስኮት እስከ ታካሚው አፍ ያለችው የመጨረሻዋ መንገድ ግን በሱቃችን፥ በመጋዘናችንና በመኪናችን ውስጥ ታልፋለች። ዕቃ ሳይጎድልና ሳይዘገይ ለባለቤቱ እንዲደርስ ማድረግ የነጋዴ ሙያ ነው። የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት ይህንኑ ሙያ ለሠራተኞቻችሁ ሕይወት ብታውሉት የሚያስወጣችሁ በዓመት ሁለት ቀንና አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ብቻ ነው።